በታብሌት ቁጥር ሰባት ውስጥ ተቆልፎበት ስለቀረው አባት

ለክቡር የትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ ጤናዎ እንዴት እንደሰነበተ እጠይቃለሁ። ወገብዎን ያምምዎታል ሲባል ሰምቻለሁና በየስብሰባው የሚቀመጡባቸው ወንበሮች ሁሉ ይለስልሱልዎ፤ የሚፈርሙበት እስክሪብቶም አይድረቅብዎ። እኔ ደኅና ነኝ። ደኅና ነኝ የምለው ግን ለወጉ ያህል ነው እንጂ፣ እህል አልወርድ ካለኝ ሦስተኛ ሳምንቴን ይዣለሁ። ምክንያቱን ወደ ታች ሲያነቡ ያገኙታል፤ እስከዚያው በትዕግሥት እንዲከተሉኝ በታላቅ ትሕትና እለምናለሁ።

ምናልባት ማን እንደሆንኩ ዘንግተውት ይሆናል። ከሦስት ሳምንት በፊት፣ በወላጆች ቀን፣ በትምህርት ቤታችን አዳራሽ እጄን ጨብጠው የምስጋና ወረቀት የሰጡኝ የአራተኛ ክፍል የሥዕል መምህር ነኝ። ያን ዕለት ሲጠሩኝ የጠሩት የሌላ ሰው ስም ነበር፤ ቅር አላለኝም። እንዲያውም አሁን ሳስበው፣ ወረቀቱን የወሰደው ያ ሌላው ሰው በሆነ ኖሮ እላለሁ።

ይህን ደብዳቤ በግልጽ መጻፌን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ። በፖስታ አሽጌ ያስገባኋቸው ሦስት ደብዳቤዎች ከመዝገብ ቤትዎ «ጉዳይዎ እየታየ ነው» የሚል አንድ ዓይነት መልስ ይዘው ስለተመለሱልኝ፣ ጉዳዩን ከእርስዎ ጋር አብሮ የሚያይ ሰው ቢበዛ ሥራ ይቀልልዎታል ብዬ ነው። ቅሬታዎቼንም መሥሪያ ቤትዎ እንደሚወደው በቁጥር ለይቼ አቀርባለሁ።

፩ኛ. ስለ ታብሌቶቹና ስለ ቅጹ።

ታብሌቶቹ ከመምጣታቸው በፊት ኮላዥ የምንሠራው ከአሮጌ ጋዜጣና መጽሔት ላይ እየቆረጥንና በሙጫ እየለጠፍን ነበር። ለስልሳ ሁለት ልጆች አራት መቀስ ነበረን፤ ከአራቱ ሁለቱ ወረቀት ያኝካሉ እንጂ አይቆርጡም። ከዚያ እርስዎ ዐሥራ ሁለት ታብሌት ላኩልን። ስለዚህ የማመሰግንዎ ከልቤ ነው፤ ፌዝ የለበትም። ልጆቹ አምስት አምስት ሆነው አንዱን ታብሌት ከበው ፎቶ ሲያነሱ፣ የፈለጉትን ዙሪያውን በጣታቸው እየተከተሉ ቆርጠው ሲያወጡ፣ ከአንዱ ፎቶ የወጣውን ጭንቅላት ሌላው ላይ ሲገጥሙ፣ ርእሰ መምህራችንን የውኃ ታንከር ላይ አቁመው ሲያስጨፍሩት፣ በክፍሉ ውስጥ የነበረውን ሳቅ ቢሰሙ ኖሮ ወገብዎም በተሻለዎ።

አኒሜሽኑንም ቶሎ ለመዱት። የተቆረጠውን ምስል የጥፍር ያህል ፈቀቅ ያደርጉታል፣ ፎቶ ያነሳሉ፣ እንደገና ፈቀቅ ያደርጉታል፣ ያነሳሉ። ዐሥራ ሁለት ፎቶ ተከታትሎ ሲሮጥ አንድ ሴኮንድ ይሆናል። አንድ ሴኮንድ ለማግኘት ሙሉ ክፍለ ጊዜ አንገቱን ደፍቶ ድምፁን አጥፍቶ የሚቀመጥ የአራተኛ ክፍል ልጅ ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም። እኔም ራሴ በዚህ ዕድሜዬ ወደ ሥራ የምሄደው በሩጫ ሆኖ ነበር።

መሥሪያ ቤትዎ ግን ታብሌት ያለ ቅጽ እንዳይሄድ ጠንቃቃ ነውና ዐሥራ አራት ተራ ቁጥር ያለው የመቆጣጠሪያ ቅጽ አብሮ ደረሰን። ተራ ቁጥር ሦስት፣ እያንዳንዱ ፊልም መልእክት ይኑረው ይላል። ተራ ቁጥር ስድስት፣ ፊልሙ ላይ የሚታይ ሰው ፀጉሩ የተበጠረ ይሁን ይላል። ተራ ቁጥር ዘጠኝ ደግሞ፣ በፊልሙ ያሉ ፎቶዎች ከትንሹ ቁጥር ወደ ትልቁ መሄዳቸው በመምህሩ ተረጋግጦ ያልሄዱት ይታረሙ ይላል። ተራ ቁጥር ዘጠኝን ያረቀቁት ባለሙያ በሕይወታቸው አንዲት ሴኮንድ አኒሜሽን ሠርተው እንደማያውቁ በአክብሮት እገምታለሁ። ይህንንም አውቄ ቅጹን ያለ አንድ ቃል ተቀበልኩ፣ ፈረምኩ፣ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩት። በማጣበቅ አልታማም።

፪ኛ. ስለ አንዲት ተማሪዬና ስለ ዐሥራ አራት ሴኮንድ።

ጓደኞቿ ሙጫ እያሉ የሚጠሯት ተማሪ አለችኝ። በወረቀቱ ዘመን ጣቶቿ ከሙጫ ተለይተው ውለው ስለማያውቁ የወጣላት ስም ነው፤ ታብሌት መጥቶ ጣቷ ቢጸዳም ስሙ አልለቀቃትም። አባቷ ከትምህርት ቤታችን ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ ጎማ የሚጠግን ጎሚስታ ነው። ከእናቷ ጋር አልተስማሙም። ምክንያቱን አላውቅም፤ ባውቅም ለመንግሥት መሥሪያ ቤት አልጽፈውም። ከወላጆች ቀን ሁለት ወር ቀደም ብሎ አንድ ሻንጣ ይዞ ከቤት ሲወጣ ሰፈሩ በሙሉ ደጃፉ ላይ ቆሞ አየው። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት እየመጣ ልጁን ይወስዳትና ከሰዓት በኋላ ይመልሳት ነበር።

ሙጫ እናቷ ሳጥን ውስጥ ከቀረ አንድ ፎቶ ላይ አባቷን በጣቷ ቆርጣ አወጣችው። የቤታቸውን በር፣ የቤታቸውን ወንበር፣ ከአንድ ሱቅ ደጃፍ ያነሳችውን ሻንጣ ጨመረችበት፤ ራሷን ደግሞ ከወንበሩ አጠገብ መሬት ላይ አስቀመጠች። አምስት ሳምንት ፈጀባት። አንድ መቶ ስልሳ ስምንት ፎቶ አነሳች፤ ሲሮጥ ዐሥራ አራት ሴኮንድ ነው። በሩ ይከፈታል። አባትየው ሻንጣውን ይዞ ይገባል፤ መጀመሪያ ትንሽ ነው፣ እየቀረበ ሲመጣ ያድጋል። ሻንጣውን መሬት ላይ ያስቀምጣል፣ ልጁ አጠገብ ያለው ወንበር ላይ ይቀመጣል። አለቀ። መልእክት ይኑረው ላለው ለተራ ቁጥር ሦስት ከዚህ የበለጠ ምን እንደሚቀርብለት እኔ አላውቅም።

እዚህ ላይ አንድ የሙያችንን ዘዴ እንዳስረዳ ይፍቀዱልኝ። የተቆረጠን ምስል ከበር አስነስተው እያመጡ ወንበር ላይ ላሳርፍህ ቢሉት አያርፍም፤ ወይ ወንበሩን ይስታል፣ ወይ እግሩ ወለሉን አልፎ ይሄዳል። ስለዚህ ሥራው ከመጨረሻው ይጀመራል። መጀመሪያ ወንበሩ ላይ አመቻችተው ያስቀምጡታል፣ ከዚያ ጥቂት በጥቂት ወደ በሩ እየወሰዱ ያነሱታል፣ ሲያልቅ ሰልፉን ያዞሩታል፤ መጨረሻ የተነሳው ፎቶ መጀመሪያ ይታያል ማለት ነው። የሙጫ ፊልም ከ168 ተነስቶ ወደ 1 ይወርድ የነበረው ለዚህ ነው። አባቷ ወንበሩን እንዳይስት ብላ ነው። ይህን ዘዴ ያስተማርኳት ደግሞ እኔ ነኝ፤ ሰሌዳ ላይ ወንበር ሥዬ፣ ሁለት ጊዜ ደጋግሜ፣ «ገብቷችኋል?» ብዬ ጠይቄ።

፫ኛ. ስለ ራሴ።

ይህ ቅሬታ በእርስዎ ላይ የሚቀርብ አይደለም። ቅጽዎ ላይ መምህሩ በራሱ ላይ ቅሬታ የሚያቀርብበት ቦታ ስላላገኘሁ እዚሁ እንዳስገባው ይፈቀድልኝ።

የወላጆች ቀን ዋዜማ በምሳ ሰዓት ዐሥራ ሁለቱን ታብሌቶች ጠረጴዛ ላይ ደርድሬ ቅጹን እሞላ ነበር። ርእሰ መምህራችን በበሩ ብቅ ብሎ፣ ነገ በኃላፊው ፊት እንዳታዋርደኝ፣ ከቅጹ አንዷም ሳጥን ባዶ እንዳትቀር ብሎኝ ሄደ። እኔም ፊልሞቹን አላየኋቸውም። ያየሁት ቁጥራቸውን ነው። ሰባተኛው ታብሌት ላይ ስደርስ 168፣ 167፣ 166 ይላል። አይ ልጅነት፣ አዟዙራዋለች አልኩ። ማዞሪያውን አንዴ ነካ አደረግኩት፤ ቁጥሩ ከአንድ ጀመረ። ቅጹ ላይ «ታርሟል» ብዬ ጽፌ ፈረምኩ፤ ፊርማዬም ያማረ ፊርማ ነበር። ሙጫ በዚያች ሰዓት ከመስኮቴ ሥር ቁጭ ብላ ዳቦዋን ትበላለች። አንገቴን አውጥቼ «ነይማ አንዴ» ብላት ዳቦዋን እንደያዘች የምትመጣ ልጅ ናት። አልጠራኋትም። መጥራት እችል ነበር እኮ፤ ከሁሉ ከሁሉ የሚያንገበግበኝ እሱ ነው።

በማግሥቱ እርስዎ ከፊት ተቀመጡ። እናትየዋ ከጎረቤቶቿ ጋር መሃል ላይ ነበረች። አባትየው የሥራ ልብሱን እንደለበሰ መጥቶ ከኋላ በሩ አጠገብ ቆመ፤ ሙጫ ከአንድ ቀን በፊት ራሷ ሱቁ ድረስ ሄዳ፣ ና፣ አንተ አለህበት ብላ ስለጠራችው ሥራውን ዘግቶ ነው የመጣው። መጋረጃው ተጋረደ። የሚጨፍረው ርእሰ መምህር ታየ፣ ተሳቀ። ቀጥሎ የሙጫ ፊልም መጣ። አባትየው ወንበሩ ላይ ተቀምጧል። ተነሳ። ሻንጣውን አነሳ። እያነሰ እያነሰ ሄደ፣ በሩ ተዘጋ፣ ልጅቷ ብቻዋን መሬት ላይ ቀረች።

እኔ ያኔ ገባኝ። የፕሮጀክተሩን ጠረጴዛ ይዤ ቆምኩ። ጎረቤቱ ሁሉ አንገቱን እያዞረ አንዴ እናትየዋን፣ አንዴ አባትየውን ያያል። ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። እርስዎ ግን አጨበጨቡ፤ አጨብጭበውም አልቀሩ፣ ድምፅ ማጉያውን ተቀብለው፣ ሕፃናቱ ሕይወትን እንዳለ ሳይደብቁ ማሳየታቸው እጅግ እንደሚደነቅ ተናገሩ። ለዚህች ንግግርዎ የተለየ ምስጋና አለኝ። አባትየው ወደ ደጅ እየወጣ ስለነበር ላይሰማ ይችል ነበር፤ በድምፅ ማጉያ ሆነና ሰማ።

ከዚያ ወረቀቱን ሰጡኝ። «ለትክክለኛ የእንቅስቃሴ ቅደም ተከተል» ይላል። ተቀበልኩት፤ ጎንበስም ብያለሁ።

ሰው ሲበተን ሙጫ መጣች። አላለቀሰችም። «ቲቸር፣ ማነው ያዞረው?» አለችኝ። የእርስዎ ወረቀት እጄ ላይ ነው። እኔም፣ ታብሌቱ ይሆናል፣ አንዳንዴ እንደዚያ ያደርጋል አልኳት። ክቡር ሆይ፣ አመነችኝ። የእርስዎ ጥፋት በማኅተም የተደረገ ጥፋት ነው፤ ሲፈለግ ከመዝገብ ቤት ይገኛል። የእኔን ግን የዐሥር ዓመት ልጅ ዓይን ዓይኗን እያየሁ ነው ያደረግኩት፤ የትም አልተመዘገበም። ስለዚህ እዚህ ተመዝግቦ ይቀመጥልኝ፦ ያዞርኩት እኔ ነኝ፣ የዋሸሁትም እኔ ነኝ፣ ታብሌቱ ምንም አላደረገም።

ያ ሁሉ ከሆነ ሦስት ቅዳሜ አለፈ። አባትየው አንዱንም ቅዳሜ አልመጣም። ሰው ፊት ያወጣችኝ ብትጠላኝ ነው፣ ከዚህ በኋላ አላስቸግራትም ብሎ ለአንድ ጎረቤት መናገሩን እናትየዋ ነግራኛለች። ልጅቷ ግን ቅዳሜ ጠዋት ጫማዋን አድርጋ ደጃፍ ላይ ትቀመጣለች፤ ሲረፍድ ተነስታ ትገባለች። በሥዕል ክፍለ ጊዜም እጇ ሥራ ፈቷል። ወረቀት ስሰጣት አመሰግናለሁ ብላ ትቀበለኝና ሲደወል ባዶውን ትመልስልኛለች። ከአንድ ጎበዝ ተማሪ እጅ ባዶ ወረቀት መቀበል ምን ምን እንደሚል የሚያውቀው መምህር ብቻ ነው።

አባትየው ዘንድ ሄደህ አትነግረውም ወይ ይሉኝ ይሆናል። ሄጃለሁ። ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ። በመጀመሪያው ቀን ደፍሬ ሳልናገር ምንም ያልሆነውን የብስክሌቴን ጎማ አስነፍቼ ተመለስኩ። በሁለተኛው ቀን ያንኑ ጎማ ፈትቶ ውኃ ውስጥ ነክሮ አየውና፣ መምህር፣ ይሄ እኮ ምንም አልሆነም አለኝ። እንዲያው ለጥንቃቄ ብዬ ነው አልኩት። ለጥንቃቄ! በዓይኑ ያየውን ነገር በአፌ እንዴት አድርጌ ልሻርለት፤ ፊልሙን ይዤ ብሄድ ግን ዐሥራ አራት ሴኮንድ ይበቃን ነበር እያልኩ ለፈሪነቴ ምክንያት እሰጠዋለሁ። ምክንያቱ እውነት ነው፤ ፈሪነቴም እውነት ነው።

፬ኛ. ስለ ንብረት ክፍሉ ቁልፍ።

በወላጆች ቀን ማግሥት ታብሌቶቹ ለደኅንነታቸው ሲባል ንብረት ክፍል ገብተው ተቆለፉ። ከሕፃናት እጅ ስለተጠበቁ በእርግጥም ደኅና ናቸው። የሙጫ ፊልም ያለው እዚያ ውስጥ፣ ታብሌት ቁጥር ሰባት ላይ ብቻ ነው። ሌላ ቅጂ የለንም፤ የቅጽዎ ተራ ቁጥር ዐሥራ አንድ የተማሪ ሥራ ከታብሌቱ ወደ ሌላ ቦታ እንዳይወጣ ስለሚል፣ እኔም ታዛዥ ሰው ስለሆንኩ። አንዱን ታብሌት ለሩብ ሰዓት ለማስወጣት ሦስት ፊርማ ያስፈልጋል ተባልኩ። ርእሰ መምህሩ ዓይኔን ማየት ስላልፈለገ ፈጥኖ ፈረመልኝ። የንብረት ክፍሏ ሠራተኛ ጉዳዩን ስነግራት እስክሪብቶዋን ከጆሮዋ ላይ አውርዳ፣ ውይ የኔ ልጅ ብላ ፈረመች። ሦስተኛው የእርስዎ ነው።

ጸሐፊዎን አራት ጊዜ አግኝቻታለሁ፤ በጣም ትሑት ሴት ናት። አራቱንም ጊዜ ስብሰባ ላይ ነዎት። ስብሰባው ስለ ምን እንደሆነ ብጠይቃት፣ ዲጂታል ትምህርትን ለሕፃናት ተደራሽ ስለማድረግ መሆኑን ነግራኛለች። ይህን ስሰማ ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ። በዚህ መሃል ደግሞ፣ በሚመጣው አርብ ታብሌቶቹ ውስጣቸው ተጠርጎ ወደ ሌላ ትምህርት ቤት እንደሚላኩ የሚገልጽ ማስታወቂያ በፊርማዎ ወጥቶ ተለጥፏል። ለማጥፋት የሚሆን ፊርማ ጊዜ እንዳገኘ ሳይ፣ ለማውጣት የሚሆነውም አንድ ቀን ያገኛል ብዬ ተስፋ አድርጌያለሁ።

ስለዚህ የምጠይቀው ይህን ብቻ ነው። ከአርብ በፊት ታብሌት ቁጥር ሰባት ለሩብ ሰዓት ይውጣልኝ። ሰልፉን ልጅቷ ወዳቆመችበት ልመልሰው፣ አባትየውም ይየው። ከፈለጉ ሱፐርቫይዘር ይላኩና አጠገቤ ይቁም፤ ከፈለጉ ተራ ቁጥር ዘጠኝን በመተላለፌ ይቅጡኝ። የምስጋናውን ወረቀት ከዚህ ጋር አያይዤ መልሻለሁ፤ ባዶ ጀርባ ስላለው ለሌላ መምህር ያገለግላል።

ጊዜዎን ስለተሻማሁ ይቅርታ እየጠየቅኩ፣ ስብሰባዎችዎ በፍሬ እንዲሞሉ፣ ወገብዎም ቀን በቀን እንዲሻለው ከልብ እመኛለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
ቅጹን አንድ ሳጥን ሳያስቀር የሞላው፣ ልጅቷን ግን አንድ ቃል ሳይጠይቅ የቀረው
የአራተኛ ክፍል የሥዕል መምህር

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ከመለጠፌ በፊት ማክሰኞ ዕለት ሙጫን አስቀርቼ አነበብኩላት። ያዞርኩት እኔ ነኝ የሚለው ቦታ ስደርስ ወረቀቱን አስቀምጬ በአፌ ነገርኳት። ይቅርታም ጠየቅኳት፤ እስካሁን መልስ አልሰጠችኝም፣ አላስቸኩላትም። የጠየቀችኝ ሌላ ነገር ነው፦ ታዲያ ይሄን ለአባቢ ሳይነግሩት ለምንድነው ለኃላፊው የጻፉት አለችኝ። ስለዚህ ዛሬ ረቡዕ ጠዋት በእግሬ ጎሚስታው ዘንድ ሄጄ ዋናውን ደብዳቤ ለእሱ ሰጠሁት፤ ለእርስዎ የደረሰው ግልባጩ ነው። እጁን በጨርቅ ጠርጎ እዚያው ቆሞ እስከ መጨረሻው አነበበው። ቢሰድበኝ ይቀለኝ ነበር። የጠየቀኝ ፊርማው የቀረው ሰውዬ ቢሮው ስንተኛ ፎቅ እንደሆነ ብቻ ነው። ሦስተኛ ፎቅ፣ በስተግራ አልኩት። ነገ ጠዋት ሱቁን ዘግቶ ልጁን በእጁ ይዞ ይመጣል። ስብሰባ ላይ ነዎት ቢባሉም ኮሪደሩ ላይ ተቀምጠው ይጠብቁዎታል፤ ልጅቷ እንደሆነች መጠበቅ ለምዳለች።